ቴድ ዋርነርን ማን ወለደው?

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1995

«ውድ ሚስተር ወርቁ» ይላል ደብዳቤው። ሚስተር! ካፖርቴን ሳላወልቅ በሩ ሥር ቆሜ ደጋግሜ አነበብኩት። መጽሐፌን ወደውታል። ሊያሳትሙት ይፈልጋሉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሯቸው ድረስ ብመጣ ደስ ይላቸዋል። ከታች «ሃርግሪቭ፣ ኤዲተር» የሚል ፊርማ አለ።

ጮህኩ። ከእኛ በላይ ያለችው ጎረቤት ወለሏን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበች። ደብድቢ እቴ! ዛሬ የፈለግሽውን ያህል ደብድቢ።

ግርማ ከሺፍት ሲመለስ ደብዳቤውን ድስቱ ላይ አስደግፌ ጠበቅኩት። ቀስ ብሎ አነበበና ቀና አለ።

«ሚስተር ወርቁ? አማቼ ካረፉ በኋላ ካውቦይ ሆኑ ማለት ነው?»

ከዚያ ግን ደብዳቤውን በሁለት እጁ ይዞ እንደገና ከላይ ጀመረ። ባሌ አንድ ነገር ሁለቴ ሲያነብ በጣም ደስ ብሎታል ማለት ነው።

«ቲ. ወርቁ» ብዬ የላክሁት ለማጭበርበር አልነበረም። እዚህ ሀገር «ተናኘ»ን በትክክል የጻፈልኝ ሰው ስለሌለ ነው። ከዚህ በፊት ልኬላቸው የመለሱልኝ አሳታሚዎች እንኳ በየራሳቸው መንገድ አበላሽተውታል። ከእነሱ መካከል አንዷ ብቻ ናት ከልቧ ያነበበችው። «ጥሩ ትጽፊያለሽ፤ ግን ለምን ስለ ስደትሽ አትጽፊም?» አለችኝ። ስለ ስደቴ ለኢሚግሬሽን ጽፌ ጨርሻለሁ። ከዚያ በላይ የምጨምረው የለኝም።

የኔ መጽሐፍ የካውቦይ ታሪክ ነው። በካንሳስ ሜዳ ላይ ያለች አንዲት የባቡር ጣቢያ፣ ዘመኑ የዛሬ መቶ ሃያ ዓመት ግድም። ሃና የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ቴሌግራፍ ትመታለች። ከብት ነጂዎቹ ከደቡብ መንጋ ይዘው ይመጣሉ፤ የባቡሩ ኩባንያ ደግሞ የውሃውን ጉድጓድ አጥሮ ይዘጋባቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው ይሆናል። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ይህን እዚህ ብጽፈው ማንም አይሰማኝም፤ ጥሩ መጽሐፍ ነው።

ረቡዕ

ሥራ ቦታ ለኤሌኒ ነገርኳት። ኤሌኒ የቆጵሮስ ግሪክ ናት፤ እዚህ ለንደን፣ ሆሎዌይ ሮድ ላይ ያለው የልብስ ንጽህና ቤት የእሷ ነው፤ እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ጩኸቷ ከኔ ባሰ። ደንበኛ ቆሞ እያያት ሳመችኝ። «ነገ ሙሉ ቀን እንዳትመጪ!» አለች። ባለቤቶቹ ሳይወስዱት የቀረ ልብስ ከተሰቀለበት መደርደሪያ ላይ አንድ ሰማያዊ ኮት አውርዳ «ይህን ለብሰሽ ሂጂ፣ ከዚያ ትመልሺዋለሽ» አለችኝ። የሰው ኮት ለብሼ አልሄድም ብዬ ተሟገትኩ። ለብሼው ስሞክረው ግን ልክክ አለ።

የሚያሳስቡኝ ነገሮች፦
ሰውየው ወንድ ነው የሚጠብቀው።
እንግሊዝኛዬ ወረቀት ላይ እንደሚፈሰው አፌ ላይ አይፈስም።
ካንሳስ ኖረሽ ታውቂያለሽ ወይ ካለኝስ?

የማያሳስበኝ፦ መጽሐፉ።

ግርማ «ሱሪና ባርኔጣ አድርጊ» እያለ ሲያሾፍብኝ አመሸ።

ሐሙስ

ሁሉንም ሳልረሳው ልጻፍ።

ከሆልቦርን ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም። ደረጃው ላይ ሁሉ የመጽሐፍ ካርቶን ተደርድሯል። ሚስተር ሃርግሪቭ ስድሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ቀጭን፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተቀደደ። (መርፌ ይዤ ቢሆን ኖሮ እዚያው እጠቅመው ነበር።) በሩን ከፍቶ አየኝና ከኋላዬ ያለውን ደረጃ ተመለከተ፤ ሌላ ሰው የሚመጣ መስሎት።

«ሚስተር ወርቁ አብረዎት አሉ?»

«ቲ. ወርቁ እኔ ነኝ» አልኩት። «ቲ ተናኘ ማለት ነው።»

ፊቱ ቀላ። ይቅርታ ጠየቀ፣ ወንበር አመጣ፣ እንደገና ይቅርታ ጠየቀ፣ ሻይ ቀዳ። ደግ ሰው ነው፤ ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፣ በኋላ ብናደድበት እንኳ እንዳልረሳው።

ከዚያ ስለ መጽሐፉ ማውራት ጀመርን፤ ሁለታችንም ቀለለን። ምዕራፎቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። መንጋው ውሃ ሸትቶት አጥሩን የሚሰብርበትን ቦታ ሲያነብ ቆሞ እንደነበር ነገረኝ።

«ካንሳስ ስንት ጊዜ ቆዩ?»

«ካንሳስ ሄጄ አላውቅም።»

«ታዲያ ያ ሙቀት፣ ያ አቧራ፣ ሐዲዱ በጠዋት የሚያሰማው ድምፅ?»

«አዋሽ ነው» አልኩት።

ነገርኩት። አባቴ ከጅቡቲ በሚመጣው የባቡር መስመር አዋሽ ጣቢያ ቴሌግራፍ ይመታ ነበር። እኔ እዚያ ነው ያደግኩት። ግመልና ከብት ሐዲዱን ሲሻገር፣ ባቡሩ ቆሞ ሲያፏጭ፣ በውሃ ሰው ሲጣላ አይቻለሁ። ለባቡር ሠራተኞች ደግሞ አንዳንድ ቅዳሜ ማታ አንሶላ ሰቅለው ሲኒማ ያሳዩ ነበር፤ የካውቦይ ፊልም፣ በፈረንሳይኛ። አንድም ቃል አልገባኝም። ግን ያ አቧራ የኛ አቧራ ነበር። ልጅ ሆኜ እነዚያ ሰዎች ከአዋሽ ማዶ፣ ከሜዳው ጫፍ ትንሽ አለፍ ብለው የሚኖሩ ይመስሉኝ ነበር። ትልቅ ሆኜ ስለ እውነተኛው ዘመን ላይብረሪ ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ ለዓመታት።

ሚስተር ሃርግሪቭ ሻዩን ሳይጠጣ ሰማኝ።

ከዚያ «ግን» የሚለው መጣ። የካውቦይ መጽሐፍ ዛሬ ሱቅ ውስጥ ብዙም አይሸጥም፤ የሚገዙት ላይብረሪዎች ናቸው፤ የሚዋሱት ሽማግሌዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ የለመዱትን ስም ነው የሚያነሱት። ስለዚህ የብዕር ስም። የቲንና የደብልዩን ፊደል እንደያዘ አስቦበታል፦ ቴድ ዋርነር።

«ብዙዎቹ ደራሲዎቻችን እንዲህ ነው የሚያደርጉት» አለ። «አንዱ ቴክሳሳዊ ብለን የምንሸጠው ሰው የጥርስ ሐኪም ነው፤ እዚሁ እንግሊዝ፣ ብራይተን።»

ሳቅኩ። አስባለሁ አልኩት። እስከ ማክሰኞ ሰጠኝ። ደረጃውን ስወርድ የማዝን መስሎኝ ነበር፤ ግን አላዘንኩም። መጽሐፌ ሊታተም ነው! ሆልቦርን ላይ ብቻዬን እየሳቅኩ ተሻገርኩ።

ዓርብ

ቴድ ዋርነር። ቴድ ዋርነር። የመብራት ቢል ጀርባ ላይ ፈረምኩት። ፊርማው ያምራል፤ ከኔው ይሻላል።

ኮቱን መለስኩ። ኤሌኒ «ቴድ? ፀጉር አስተካካይ ይመስላል» አለች።

ከሥራ በኋላ እንደ ልማዴ ግርማ የሚነዳው አውቶቡስ ላይ ወጥቼ ፎቁ ላይ ከፊት ተቀመጥኩ። አብዛኛውን መጽሐፍ የጻፍኩት እዚያ ነው፤ እሱ ሲነዳ እኔ ስጽፍ፣ ወደ ሃክኒ እየሄድን ወደ ሆሎዌይ እየተመለስን። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ አውቶቡሱ ግን መስኮቱ ሰፊ ነው። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ወደኔ ወጣ፤ ሳንድዊቹን ለሁለት ቆረጠው።

«ተቀበዪው» አለኝ። «ስም የሥራ ልብስ ነው። እኔ ዩኒፎርሜን ስለብስ ግርማ መሆኔ ይቀራል?»

«አይቀርም።»

«በቃ። ለብሰሽው ግቢ፣ ስትወጪ አውልቂው።»

ትክክል ነው። ታዲያ ምን ይቆረቁረኛል?

ቅዳሜ

ዛሬ ብዙ የምጽፈው የለም። ሱሪ ሳሳጥር ዋልኩ። ማክሰኞ እሺ ልለው ወስኛለሁ።

እሑድ

ቅበላ ስለሆነ እትዬ አሰለፈች ቤት ሃክኒ ሄድን። እህቴ ናቸው፤ በአሥራ ስምንት ዓመት ይበልጡኛል። እናታችን እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው፤ አባቴም አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ አረፈ፤ ያሳደጉኝ፣ ያስተማሩኝ፣ ኋላም ለንደን ያስመጡኝ እሳቸው ናቸው። ነገ ጾም ይገባል ብለው ክትፎውን፣ ጥብሱን፣ ዶሮውን ሁሉ አንድ ላይ አቅርበውታል። ግርማ ቀበቶውን ፈታ።

እትዬ መጽሐፉን ከመጀመሪያው አልወደዱትም። ሰው ስለ ሀገሩ እንጂ ስለ ነጭ ሽፍታ ለምን ይጽፋል ባይ ናቸው። ስለዚህ ዜናውን ያወራሁት ፈራ ተባ እያልኩ ነው። ይታተማል ስላቸው «እሰይ» አሉ፤ እጃቸውን ግን ከሰሃኑ አላነሱም። ስለ ስሙ የነገርኳቸው እንዲያው እንዲስቁ ብዬ ነው።

አልሳቁም። እጃቸውን ታጠቡ።

«ቴድ ማነው?»

«ማንም አይደለም እትዬ። የብዕር ስም ነው።»

«ማን ወለደው?»

ግርማ ሳቅ ሊያመልጠው ሲል አፉን በሶፍት ያዘ።

«እኔ መጽሐፍሽን አልወደድኩትም» አሉ።

«አላነበቡትማ።»

«ባላነበውም አልወደድኩትም። ግን ያቺ ባቡር ጣቢያ የማን ናት? ቴሌግራፍ የምትመታዋ ሴትዮ ከማን ተማረች? በሌላ ስም አታስመስዪብኝ፤ አባታችን ነው። ግርማ ሲያወራው ሰምቻለሁ፤ ጣቷን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳች ታስባለች አለ። እንዲያ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው።»

እውነት ነው፤ ሳላስበው ነው የጻፍኩት።

«የሱን ነገር ጽፈሽ ሲያበቃ ስሙን ፍቀሽ ቴድ ልትይበት ነው? እኔ ቴድን አላሳደግኩም!»

ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ግን እሳቸው አያለቅሱም፤ ተነስተው ሰሃን ማንሳት ያዙ። ግርማ «እትዬ፣ ልጅቷ መታተሙ እንዳይቀርባት ነው እኮ» አለ። «አይቀርባትም» አሉ ከኩሽና። «የወደደው ሰው በስሙ ምክንያት አይተወውም። ከተወውም አልወደደውም ማለት ነው።»

ወደ ቤት ስንመለስ ግርማ መንገዱን በሙሉ የቀበቶውን ዘለበት ሲነካካ ነበር። ሆሎዌይ ስንደርስ «የሥራ ልብስ ያልኩትን ሰርዢው» አለኝ። «ዩኒፎርሜ ላይ እንኳ ስሜ ተለጥፏል።»

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 27

የጾሙ የመጀመሪያ ቀን። እስከ ማክሰኞ መጠበቅ አልቻልኩም። በምሳ ሰዓት ከኤሌኒ ስልክ ደወልኩለት። ኤሌኒ የእንፋሎት ማሽኑን አጥፍታ አጠገቤ ቆመች።

«ሚስተር ሃርግሪቭ፣ መጽሐፉን ያነበቡት በማን ስም ነው?»

«በእርስዎ ነዋ። በቲ. ወርቁ።»

«ስሙን አይተው ማንበቡን አቆሙ?»

«አላቆምኩም።»

«ምን ዓይነት ስም መሰለዎት?»

«እውነቱን ለመናገር የሆላንድ፣ የደች ስም መስሎኝ ነበር» አለ።

«እንግዲያው ሽማግሌዎቹም ደች ይምሰላቸው!»

እንደዚህ እስቃለሁ ብዬ አላሰብኩም፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ከልቤ ነገርኩት። በኛ ሀገር ሁለተኛው ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ የአባት የራሱ ስም ነው። ወርቁ አንድ ሰው ነው። ጣቢያዋን ያሳየኝ እሱ ነው። ተናኘን እንዲጽፉልኝ አልጠየቅኩም፤ ቲ ብቻ ይበቃኛል። ወርቁን ግን አልሰጥም።

«መጽሐፉን ቢያጡትም?» አለኝ። ለማስፈራራት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

«አላጣውም» አልኩት። «እርስዎ ባያትሙት ሌላ ሰው ያትመዋል። ግን እርስዎ ቢያትሙት ነው ደስ የሚለኝ፤ መንጋው ጋ ሲደርሱ ቆመው ነው ያነበቡት።»

የሽያጭ ክፍሉን ማነጋገር አለብኝ አለ። ስልኩን ስዘጋ ኤሌኒ በግሪክኛ አንድ ነገር አለች፤ እርግማን ይሁን ምርቃት አላውቅም። ከዚያ ያልተተኮሰ ልብስ ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ከየት አባቴ ነው ያን ሁሉ የተናገርኩት?

ማክሰኞ

ስልክ የለም። ሁለት ዚፕ ገልብጬ ሰፋሁ። ኤሌኒ ምንም አላለችኝም፤ ራሷ ፈታቻቸው።

ረቡዕ፣ ማርች 1

ደወለ! ቲ. ወርቁ ይሆናል!

የሽያጭ ክፍሉ ሰዎች በቀላሉ ስላልተስማሙ በምትኩ የጠየቁት አለ። ሽፋኑ ጀርባ ላይ ፎቶዬም ሆነ የሕይወት ታሪኬ አይኖርም። እሺ አልኩ፤ ፎቶ ላይ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ደግሞ አርዕስቱ ይቀየራል። እኔ «ውሃ የሌላት ጣቢያ» ነበር ያልኩት። እነሱ «ሦስት ጥይት ለጣቢያው» ብለውታል።

«ሚስተር ሃርግሪቭ፣ መጽሐፉ ውስጥ እኮ የተተኮሰው ሁለት ጥይት ብቻ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «አንድ መጨመር ይችሉ ይሆን?»

ለእትዬ ደወልኩ። «ጥሩ» ብቻ አሉና ምስር አብስዬ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስልኩን ግን ቶሎ አልዘጉትም።

ቅዳሜ፣ ማርች 11

ሦስተኛዋ ጥይት ሳምንቱን በሙሉ አሰቃየችኝ። ሰው መግደል አልፈልግም፤ የሚሞተው ሰው በቅቷል። ግርማ ክፉውን የኩባንያ ሰው እግሩን ይመታ አለ። ኤሌኒ ጭንቅላቱን አለች።

ዛሬ አውቶቡሱ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ ሰቨን ሲስተርስ አካባቢ አንድ ሰው የአትክልቱን በርሜል ሲያጥብ ውሃው አስፋልቱ ላይ ሲፈስ አየሁና ገባኝ። ሃና የባቡሩን የውሃ ማጠራቀሚያ ነው የምትመታው። ውሃው በቀዳዳው ይፈሳል፤ ከብቶቹ ይጠጣሉ፤ ኩባንያው ማንንም በነፍስ ግድያ መክሰስ አይችልም። ድሮ ያለዚህች ጥይት እንዴት ጨርሼው እንደነበር አሁን ይገርመኛል። አርዕስታቸው አስቀያሚ ነው፤ መጽሐፌን ግን አሻሻለው። ይህን ለሚስተር ሃርግሪቭ አልነግረውም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 2

ብዙ ወር ይህን ደብተር አልነካሁትም። ዛሬ ግን ጥቅል መጣ፤ ስድስት ኮፒ።

ጠንካራ ልባድ ነው። ሽፋኑ ላይ ፈረስ፣ ቀይ ሰማይ፣ የባቡር ጣቢያ። ሃና ቡናማ ቀሚስ ለብሳለች፤ እኔ ግራጫ ነው ያልኩት፤ ይሁን። ከታች በቢጫ ፊደል ቲ. ወርቁ።

ሸተትኩት። ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። ገጽ 41 ላይ አንድ የፊደል ስህተት አገኘሁና ወዲያው መጽሐፉን ዘጋሁ፤ ሌላ እንዳላገኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 5

ለእትዬ ወሰድኩላቸው። እንግሊዞች በዚህ ቀን እንደሚያደርጉት ውጭ ርችት ይተኮሳል፤ እሳቸው ርችት አይወዱም፤ መጋረጃውን ዘግተው ተቀምጠዋል። መጽሐፉን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉት፤ አዲስ መሆኑን ረስተው። እንግሊዝኛ ብዙም አያነቡም፤ ስሙን ግን በጣታቸው ተከትለው አነበቡ። ሁለቴ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ሽፋኑን ተመለከቱ።

«ይሄ ፈረስ ከሲታ ነው» አሉ።

«አዎ፣ ትንሽ ከስቷል።»

«ምን ይላል ውስጡ? ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። በአማርኛ አድርጊው።»

እያነበብኩ በአማርኛ ተረጎምኩላቸው። በየመሀሉ ያስቆሙኛል፤ ይቺ ልጅ ባል አላገኘችም? ይሄ ሰውዬ ለምን ይዋሻል? ሁለተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ደክሞኝ ላቆም ስል ተቆጡ። «እንዴ! ውሃውን ዘግቶባቸው ይተኛል እንዴ ይሄ ሌባ!» የኩባንያውን ሰውዬ ነው። አሁንም መጽሐፉን እወዳለሁ አላሉም። በሚቀጥለው እሑድ በጊዜ ነይ ብለውኛል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 25

ሆሎዌይ ላይብረሪ ሄድኩ። ካታሎግ ውስጥ መግባቱን ሚስተር ሃርግሪቭ ስልክ ላይ ነግሮኝ ነበር። የካውቦይ መጻሕፍቱ ከጥግ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ናቸው። ደብልዩ ጋ ደረስኩ። የለም። ከኋላ ወድቆ እንደሆነ አየሁ፤ የለም። ከአንደኛው መደርደሪያ እንደገና ጀመርኩ፤ ቲ ጋም ፈለግኩ፤ የለም። አልገዙትም ማለት ነው አልኩ።

መነጽር ያደረገው ልጅ ኮምፒውተሩን ቼክ አደረገልኝ።

«አለን» አለኝ። «ግን ወጥቷል።»

«ወጥቷል ማለት?»

«ሰው ተውሶታል። ማክሰኞ።» ማያውን እንደገና አየ። «ከእሱም በኋላ የሚጠብቅ አንድ ሰው ተመዝግቧል። እርስዎንም ልመዝግብዎት?»

አልኩት፦ አይ፣ አመሰግናለሁ፤ እኔ መጨረሻውን አውቀዋለሁ። አልገባውም፤ ፈገግ አለልኝ።

ማን ወስዶት ይሆን? ልጁ አይነግረኝም፤ ክልክል ነው። ስወጣ ጋዜጣ የሚያነቡትን ሽማግሌዎች አንድ በአንድ አየኋቸው። ያ ባለ ቆቡ? ያ የሚያስለው? ማክሰኞ ከወሰደው ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። ፈጣን አንባቢ ከሆነ መንጋው ጋ ደርሷል። ካልሆነ ደግሞ ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው፤ እሱ ትንሽ ይጎትታል፤ ማሳጠር ነበረብኝ። እዚያ ላይ ሰልችቶት ትቶት ቢሆንስ?

አይተወውም። ይተወው ይሆን? አይ፣ አይተወውም።